ማረሻ፣ ገንዲና ልሳን፦ የምዕራብ ጎጃም ተፈጥሮና የቋንቋዎች ስርጭት

ቋንቋ ከሰማይ የወረደ ስጦታ አይደለም። የሰው ልጅ ኑሮውን ለማሸነፍ ከተፈጥሮ ጋር በሚያደርገው ትግል ውስጥ፣ ከባልንጀራው ጋር አብሮ ለመሥራት፣ ለመገበያየት፣ ለመጋባትና ለመካሰስ እየፈጠረና እያዳበረ ያመጣው መሣሪያ ነው። በመሆኑም የአንድ ቋንቋ ወሰን ከየት ተነሥቶ የት ላይ እንደሚያበቃ መረዳት ለሚሻ ሰው የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ማገላበጥ ብቻ አይበቃውም። ዝናቡን፣ አፈሩን፣ የከብቱን በሽታና የገበሬውን መሣሪያ አብሮ መመርመር ይኖርበታል።

ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ እንደ ጎጃም የተመቸ ምድር ጥቂት ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊና በወተት አባይ አድርጎ ዱርቤቴ የሚደርስ መንገደኛ፣ ዳጉሳውና በቆሎው፣ ኑጉና ጤፉ በሚሸጥበት ገበያ የሚሰማው አማርኛ ነው። በዚያው መንገድ ጥቂት ገፋ ብሎ ዳንግላ ሲገባ አገውኛ ጆሮውን ይነካዋል። እንጅባራ ሲደርስ የገበያው፣ የለቅሶውና የሠርጉ ልሳን ባለቤቶቹ አውኚ የሚሉት አገውኛ ሆኖ ያገኘዋል። ከጥሊሊ አልፎ ቡሬ ሲገባ እንደገና አማርኛ ይቀበለዋል፤ እስከ ፍኖተ ሰላምና ደንበጫም አይለየውም። ይኸው መንገደኛ ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ ታጥፎ በቻግኒ በኩል ወደ መተከል ቆላ ቢወርድ ጉሙዝኛ ይሰማል፤ ወደ ቡለንና ወደ ወንበራ ቢዘልቅ ደግሞ ሽናሽኛና ኦሮምኛ ይጠብቁታል።

አማርኛ የሴም፣ አገውኛና ኦሮምኛ የኩሽ፣ ሽናሽኛ የኦሞ ቋንቋዎች ወገን ናቸው። ጉሙዝኛ በተለምዶ በናይሎ ሰሃራ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባል፤ ራሱን የቻለ ቤተሰብ ነው የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። እንግዲህ ከ80 በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት ኢትዮጵያ ያሏት የቋንቋ ቤተሰቦች በሙሉ ቀድሞ ጎጃም ይባል በነበረው አንድ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ተሰባስበው ይገኛሉ ማለት ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? አንዱስ ሲሰፋ ሌላው ስለምን ጠበበ? ጨርሶ የጠፋውስ ስለምን ጠፋ?

ዝናብና ልሳን

በዓለም ላይ ወደ 7,000 የሚጠጉ ቋንቋዎች አሉ። ይሁን እንጂ በምድር ገጽ ላይ በእኩል አልተዘሩም። በምድር ወገብ አካባቢ፣ ዝናብ በማይነጥፍበት ቀጠና፣ ተጨናንቀው ይገኛሉ፤ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ብቻ ከ800 በላይ ቋንቋዎች ይነገሩባታል። በአንፃሩ በሰሜን ዋልታ በረዶ ላይ የባሕር እንስሳ እያደነ የሚኖረው የኢንዊት ሕዝብ እርስ በርሳቸው በተዛመዱ ልሳናት እየተናገረ ከአላስካ እስከ ግሪንላንድ ተዘርግቷል።

ዳንኤል ኔትል የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባሳተማቸው ጥናቶች ለዚህ የሰጠው ምክንያት የኑሮ ዋስትና ነው። የእህል ወቅት ረጅምና አስተማማኝ በሆነበት አገር ጥቂት መንደሮች ከሩቅ ጎረቤት ሳይጠጉ ራሳቸውን ችለው መኖር ይችላሉ፤ ልሳናቸውም የራሳቸው ሆኖ ይቀራል። ዝናቡ አጭርና ተለዋዋጭ በሆነበት አገር ግን ክፉ ቀን የመጣበት ሰው ከሩቅ ዘመድ እህልና ግጦሽ መሻቱ አይቀርም። ዝምድናውን ለመጠበቅ ደግሞ የጋራ ልሳን ያሻዋል። ስለዚህ ቋንቋው ይሰፋል፤ የቋንቋዎቹ ቁጥር ያንሳል።

ይህን ለመመስከር ከኢትዮጵያ መውጣት አያስፈልግም። ግመሉን እየነዳ ውኃና ሣር የሚከተለው የሶማሌ አርብቶ አደር በደረቁ ምሥራቅ እጅግ ሰፊ ምድር ሲያካልል፣ ቋንቋው ከጅቡቲ እስከ ኬንያ ሰሜናዊ ክፍል ተዘርግቷል። በደቡብ ምዕራብ ግን እንሰት በጓሮው የተከለ፣ ዝናብ የማይነሣው ገበሬ ከተራራው ሳይወርድ ዘመናትን ስላሳለፈ፣ በኦሞ ወንዝ ዙሪያ ባለው መሬት በርካታ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ይገኛሉ።

የበሬ ምድር፣ የአማርኛ ምድር

ጎጃም ከእነዚህ ከሁለቱም ጫፎች መካከል የቆመች ናት። ዝናቧ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ረጅም ክረምት ተጠቃልሎ የሚወርድ ነው። ይህን ክረምት ከመሬቱ ጋር ያገናኘው ማረሻ ነው። ከጣና ዳርቻ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከሚሆነው ከፍታ ጀምሮ በሜጫና በአቸፈር፣ በቡሬና በጃቢ ጠህናን የተዘረጋው ወይና ደጋ ለበሬ የተመቸ ነው። ሞፈርና ቀንበሩ፣ ድግርና ማረሻው፣ የጤፉና የዳጉሳው አዘራር ከሜዳ ወደ ሜዳ ሲሻገር የሚያግደው ነገር አልነበረም።

አማርኛ የተነሣው ከጎጃም አይደለም፤ ጥንተ መሠረቱ በዛሬው ደቡብ ወሎ ቤተ አምሐራ ይባል በነበረው አገር እንደሆነ የታሪክ ሊቃውንት ይስማማሉ። በጣና ደቡብና ምዕራብ የሚገኘው ምድር በጥንት ዘመን የአገው ምድር ነበር። ዓፄ ዐምደ ጽዮን በ1309 ዓ.ም. ገደማ ዳሞትንና ጎጃምን ካስገበሩ በኋላ ግን ጭፍራው፣ ካህኑና ገበሬው በተከታታይ ወደዚያ መጣ። ወታደሩ የሚያልፍ ነው፤ የሚቀረው ገበሬው ነው። ገበሬው የቀረውም እዚህ ያገኘው አፈርና አየር ትቶት ከመጣው ጋር ስለሚመሳሰል፣ ዘሩንም በሬውንም መቀየር ስላላስፈለገው ነው። አማርኛ በወይና ደጋው ላይ የሰፋው በነጋሪት ድምፅ ብቻ ሳይሆን በጅራፍ ድምፅም ጭምር ነው ማለት ይቻላል።

ይህን በግልጽ የሚያሳየው የሜጫ ታሪክ ነው። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት አባይን ተሻግረው ወደ ጎጃም የገቡት የኦሮሞ ወገኖች ከብት አርቢዎች ነበሩ። ሜጫ፣ ይልማና ዴንሳ የሚባሉት የዛሬ ወረዳዎች ስማቸውን ያገኙት ከእነዚሁ ወገኖች ነው። ከብቱን ይዞ የመጣው ሜጫ ከጊዜ በኋላ በሬውን ጠምዶ ማረስ ጀመረ፤ በአንድ ማሳ ዳርቻ ከአማራው ጋር ተዋሰነ፣ በአንድ ወንፈልና ደቦ ዋለ፣ በአንድ ገበያ ሸጠ፣ በአንድ ደብር ተቀበረ። ኑሮው ሲለወጥ ልሳኑም ተለወጠ፤ ስሙ ግን በመሬቱ ላይ ቀረ። ከዱርቤቴ አጠገብ ያለው ሜጫ ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ነው። በሌላ በኩል ከቤተ መንግሥቱም ከትልልቁ ገበያም ርቆ በወንበራ የቀረው ኦሮሞ እስከ ዛሬ በኦሮምኛ ይናገራል። የመጡበት ዘመን የተቀራረበ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የሰፈሩበት ስፍራና አብረዋቸው የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው።

የደጋው ምሽግ

ታዲያ አገውኛ ስለምን አልጠፋም? ለዚህ መልሱ በከፊል በእንጅባራ ዙሪያ ባለው ደጋ ላይ ይገኛል። ከፍታው 2,500 ሜትር በሚደርሰው በዚህ አገር ዝናቡ የበዛ፣ ጉሙ የማይገለጥ፣ አፈሩ በዝናብ ብዛት የታጠበና ጤፍን እምብዛም የማያሞላቅቅ ነው። እዚህ የሚሠለጥነው ገብስና ድንች፣ ቀርቀሃና ፈረስ ነው። በቅርብ ዘመን ደግሞ በፋግታ ለኮማ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል እያከሰለ የደከመ መሬቱን ያሳርፋል። ባንጃ፣ አንከሻ፣ አዘና፣ ዚገም፣ ቋቁራ፣ ጫራና መተከል እየተባለ በሰባት ቤት የሚቆጠረው የአዊ ሕዝብ በዚህ ደጋ የራሱን የአኗኗር ሥርዓት ጠብቆ ኖሯል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚታየው የፈረሰኞች በዓልም ከሜዳው ገበሬ የሚለየውን የደጋውን ኑሮ የሚያስታውስ ነው።

ሆኖም ደጋው ብቻውን ምሽግ አልሆነም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በኅዳር ወር 1770 እ.ኤ.አ. የአባይ ምንጭ ወደሆነው ግሽ ዓባይ በደረሰ ጊዜ ያገኘው አገውን ነበር። አገዎቹ ለጎንደር ከተማ ማርና ቅቤ፣ ከብትና ሰም፣ ቆዳም የሚያቀርቡ መሆናቸውን ጽፏል። ዛሬ ግሽ ዓባይ ያለበት የሰከላ ወረዳ አማርኛ ተናጋሪ ነው። በ250 ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ የልሳኑ ወሰን ወደ ምዕራብ ተገፋ ማለት ነው። ሰከላም እንደ እንጅባራ ደጋ መሆኑ ሲታሰብ፣ የአየሩ ጠባይ ብቻ ነገሩን አይፈታውም። ማሩና ቅቤው ወደ ጎንደር ሲጓዝ የጎንደር ልሳን በዚያው መንገድ ተመልሶ መጥቷል።

ገንዲ ያስቆመው

ከቻግኒ ወዲያ ምድሩ በድንገት ይወርዳል። ሜዳው ከ1,500 ሜትር በታች፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ ሲቃረብም ከ1,000 ሜትር በታች ይሆናል። የደጋው ሰው ይህን አገር በሁለት ጠላቶቹ ያውቀዋል። አንዱ ንዳድ የሚለው ወባ ሲሆን ሌላው በሬውን የሚፈጀው ገንዲ ነው። ገንዲን የሚያስተላልፈው ዝንብ ባለበት ቆላ በሬ አይከርምም፤ በሬ ካልከረመ ማረሻ አይሠራም፤ ማረሻ ካልሠራ ደጋው ለዘመናት የገነባው የአኗኗር ሥርዓት በሙሉ ሊተከል አይችልም። አማርኛ በዚህ አቅጣጫ የቆመበት መሥመር ገንዲ የጀመረበት መሥመር ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በዚህ ቆላ የኖረው የጉሙዝ ሕዝብ ግን ተፈጥሮን በሌላ ጥበብ ገራ። ዱሩን መንጥሮና አቃጥሎ፣ በእጅ መሣሪያ ቆፍሮ ማሽላና ዳጉሳ፣ ሰሊጥም ይዘራል። መሬቱ ሲደክም ትቶት ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ዱሩም ተመልሶ ይበቅላል። አደን፣ ዓሣ ማሥገር፣ ማር መቁረጥና የዱር ሥራሥር መልቀም የኑሮው ምሰሶዎች ናቸው። ይህ ዓይነቱ ኑሮ ሰፊ መሬትና ጥቂት ሰው ይጠይቃል፤ ስለዚህም የደጋው ሰው ባዶ መሬት እያለ የሚያየው ዱር ለጉሙዙ ያረፈ ማሳ ነው። የእህት በእህት ጋብቻ ልማዱ ጎሣን ከጎሣ እያስተሳሰረ ልሳኑን በሰፊው ቆላ አጽንቶታል።

ቆላው ለጉሙዝ ሕዝብ ከለላ ብቻ አልነበረም። ከደጋው የሚወርዱ መኳንንትና ዘራፊዎች ሰውን ለባርነት ሲያድኑ፣ ወርቅና ማር ሲያስገብሩ ኖረዋል። የባሪያ ንግድና ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የጉሙዝ ሕዝብ ወደ ባሰው በረሃ የሸሸው በውዴታው ብቻ አልነበረምና የቋንቋ ካርታ ሲነበብ የሽሽት ታሪክም አብሮ መነበብ አለበት።

ሽናሽኛም የሌላ ስደት ምስክር ነው። ራሳቸውን ቦሮ የሚሉት የሽናሻ ሰዎች ልሳን ከካፋ ቋንቋ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። በጥንት ዘመን የዚህ ቤት ተናጋሪዎች በአባይ ግራና ቀኝ ሰፍረው እንደነበር ይታመናል። ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በመካከሉ ኦሮምኛ በሰፋ ጊዜ ካፋ ወደ ደቡቡ ጫካ፣ ሽናሻ በአባይ ሸለቆ ሰሜናዊ ጫፍ ተለያይተው ቀሩ። ሁለቱንም ከመዋጥ ያዳናቸው ጫካውና ገደሉ ነው።

የጠፉት

ስለ ቀሩት ይህን ያህል ከተባለ ስለ ጠፉትም መነገር አለበት። ጋፋት የሚባለው ሕዝብ የሚናገረው የሴም ቋንቋ ነበር። ጥንት ከአባይ ደቡብ በነበረው ዳሞት ይኖር የነበረው ይህ ሕዝብ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት ወደ ጎጃም ተሻገረ፤ የዳሞት ስም ራሱ ከሕዝቡ ጋር አባይን ተሻግሮ ዛሬ በጎጃም ምድር ላይ ይገኛል። ብሩስ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ያስጻፈው ቅጂ በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ከ70 ዓመት በኋላ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጎጃም የመጣው እንግሊዛዊ ቻርለስ ቢክ ወጣቶቹ ልሳኑን ጨርሰው እንደማያውቁት፣ እናውቃለን የሚሉት ጎልማሶችም አጥርተው እንደማይናገሩት አስተውሏል። ዕውቁ የቋንቋ ሊቅ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 አገሩን አስሶ ያገኛቸው ተናጋሪዎች 4 ብቻ ነበሩ።

ጋፋት ያለቀው በጦርነት አይደለም። ሕዝቡ ዘርቷል፣ ወልዷል፣ ዛሬም በልጆቹ አለ። ልሳኑ የጠፋው ጋፋት እንደ አማራው በበሬ የሚያርስ፣ በዚያው ወይና ደጋ የሚኖር፣ በዚያው ገበያ የሚሸጥ በመሆኑ ነው። ከጎረቤቱ የሚለየው የመሬት ግርግዳ አልነበረውም። የኑሮው ሥራ አንድ ሲሆን ሁለት ልሳን ይዞ መኖር ድካም ሆነበት፤ ከሁለቱም የዳኛውን፣ የካህኑንና የነጋዴውን ልሳን መረጠ።

የጣናው ወይጦ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይለያል። ነገደ ወይጦ ከደንገል ታንኳ እየሠራ ጉማሬ የሚያድን ሕዝብ ነበር። ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. አካባቢ የወይጦዎች ቋንቋ ከአካባቢው ልሳን ሁሉ ፍጹም የተለየ እንደሆነ መስማቱን ጽፏል። በ1907 እ.ኤ.አ. ሚትቮኽ የተባለ ጀርመናዊ ስለ እነርሱ ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪ ሆነው ነበር። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1928 እ.ኤ.አ. ባለፈ ጊዜ አንድ ወይጦ በሞተው ልሳን አንድ ዘፈን ዘፈነ፤ ዘፋኙ ግን ትርጉሙን አያውቀውም ነበር። ከመላው ቋንቋ በሰው አፍ የቀሩት ቃላት የጉማሬ ብልት መጠሪያዎች ብቻ ነበሩ። ቋንቋና ኑሮ እንዴት እንደተሳሰሩ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። አዳኙ ጉማሬውን በሚበልትበት ስፍራ እነዚያ ቃላት ሥራ ስለነበራቸው ኖሩ፤ የቀረው ልሳን ግን ሥራ ፈትቶ ሞተ።

ተፈጥሮ ብቻውን አይወስንም

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ አየሩና አፈሩ የሰውን ልሳን ይወስናሉ ብሎ መደምደም ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ተፈጥሮ በር ይከፍታል፣ በር ይዘጋል፤ በተከፈተው በር የሚገባው ግን የኅብረተሰቡ ሥርዓት ነው። አማርኛ የበሬ ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ልሳነ ንጉሥ ነበር። የርስት ክርክር የሚሰማው፣ ግብር የሚቆረጠው፣ በኋላም ትምህርት የሚሰጠው በእርሱ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር፣ ከጎጃም ቋንቋዎች አማርኛና ኦሮምኛ ሲካተቱ አገውኛ፣ ጉሙዝኛና ሽናሽኛ ከቁጥሩ አልገቡም ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ሁሉም ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዲኖራቸው ከደነገገ በኋላ ግን አውኚ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆኗል፤ ጉሙዝኛና ሽናሽኛም ወደ ት/ቤት ገብተዋል። ይህን ያደረገው ዝናብ ወይም አፈር አይደለም፤ የሰው ውሳኔ ነው።

ዛሬ ተፈጥሮ የዘጋቸው በሮች አንድ በአንድ እየተከፈቱ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ማግስት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰፋሪዎች ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ወደ ፓዌ ሲመጡ ዱሩ በትራክተር ተመነጠረ። የወባ መድኃኒቱ፣ መንገዱ፣ ሰሊጡንና ቀርቀሃውን የሚሻው ባለሀብት ተከታትሎ ገባ። በጉባ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም የአባይን ሸለቆ ሰፊ ሐይቅ አድርጎታል። ገንዲ የጠበቀው ወሰን አሁን ጠባቂ የለውም።

ወሰኑ ሲፈርስ የሚመጣው ሁሉ በጎ አልሆነም። ያረፈ ማሳን ባዶ መሬት አድርጎ ያየ ሰውና ባዶ የተባለው መሬት የአባቶቹ ርስት የሆነበት ሰው ተፋጠጡ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመተከል በተፈጸመው ግድያ ጉሙዙም አገውም፣ አማራውም ሽናሻውም ኦሮሞውም ደሙ ፈስሷል፤ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ሰውን በልሳኑ ለይቶ የሚገድል እጅ ልሳን ሁሉ በመሻገር፣ በመጋባትና በመገበያየት የተሠራ መሆኑን የካደ እጅ ነው። የሜጫ ልጅ አማርኛ፣ የጋፋት ልጅ አማርኛ፣ የወይጦ ልጅ አማርኛ በሚናገርበት አገር የጠራ ዘርን በልሳን ለክቶ ማግኘት አይቻልም።

የመምህሩና የከያኒው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሞተን ልሳን ማስነሣት አይቻል ይሆናል፤ በሕይወት ያለውን ሥራ መስጠት ግን ይቻላል። ቋንቋ የሚኖረው በሙዚየም ሳይሆን በማሳ፣ በችሎት፣ በገበያና በመድረክ ነው። የዱርቤቴ ተማሪ ከዳንግላ ባልንጀራው ጥቂት አውኚ ቢማር፣ የእንጅባራ ቴአትር ቤት በአገውኛ፣ የግልገል በለስ መድረክ በጉሙዝኛ ቢናገር፣ የገብሱ፣ የማሽላውና የዱሩ ማር ስም ከየባለቤቱ አፍ ተመዝግቦ ለልጅ ቢተላለፍ፣ ቀድሞ ደጋውና ቆላው ይሠሩት የነበረውን የጥበቃ ሥራ የሰው ፈቃድ ሊተካው ይችላል። ይህ ካልሆነ ግን የጉሙዙና የአገው ልጅ ልሳን ነገ የጥቂት ብልቶች መጠሪያ፣ ዘፋኙ ራሱ የማይረዳው ዘፈን ሆኖ ይቀራል።